ሐዲዱ፣ አጥሩና ያልተጠየቀው ሰፈር

«ሕዝብ ከተጠየቀ ሥራ አይሠራም» የሚለው አባባል በየትኛውም ሕግ ወይም መመሪያ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። አንድም ኃላፊ መድረክ ላይ ቆሞ አይናገረውም፤ አንድም መሐንዲስ በጥናቱ መግቢያ ላይ አያሰፍረውም። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ታላላቅ የመንገድ፣ የሐዲድና የመልሶ ማልማት ሥራዎች እንዴት እንደሚታቀዱና እንዴት እንደሚጀመሩ በጥሞና የተከታተለ ሰው፣ ይህ ያልተጻፈ ደንብ ከተጻፉት ሁሉ በበለጠ ሲሠራበት ያገኘዋል። የሰፈር ሰው ስለ ገዛ ደጁ የሚሰማው የመጀመሪያ ወሬ ብዙውን ጊዜ በውይይት አይደርሰውም። ቀያሽ ባለሦስት እግር መሣሪያውን በበሩ ፊት ሲተክል ወይም ግድግዳው ላይ በቀለም ምልክት ሲደረግበት ያን ጊዜ ያውቀዋል።

የዚህ ደንብ ጠበቆች ክርክራቸው ባዶ አይደለምና በቅድሚያ በሙሉ ሊደመጡ ይገባል። ነዋሪ የሚያየው የራሱን አጥር ነው፤ ከተማ ግን ከአጥር በላይ ነው ይላሉ። ሁሉም «በእኔ ደጅ አይለፍ» ካለ መንገዱ የትም አያልፍም። የብድር ገንዘብ ወለድ ይቆጥራል፤ ሥራ የፈታ ተቋራጭ ካሣ ይጠይቃል፤ ክረምት ሲገባ ቁፋሮ ይስተጓጎላል። ስለዚህ ፈጥኖ መወሰን፣ ፈጥኖ መጀመር፣ ቅሬታን ደግሞ እየዋለ እያደረ መስማት ይሻላል ባዮች ናቸው። በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ። ቤቱ ሲፈርስበት የሚያጨበጭብ ሰው የለም። ይሁንና ክርክሩ አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ይኸውም ተቋራጩም፣ ኃላፊውም፣ መሐንዲሱም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አጥር ያላቸው መሆኑን ነው። የተቋራጩ አጥር ውሉ ነው። የኃላፊው አጥር የምረቃው ቀን ነው። የመሐንዲሱም አጥር የተቆረጠለት የገንዘብ መጠንና የመንገዱ ስፋት ነው። ከእነዚህ አንዳቸውም ከተማውን በሙሉ አያዩትም። ታዲያ የነዋሪው ብቻ «የግል ጥቅም»፣ የሌሎቹ ግን «የአገር ጥቅም» ተብሎ የሚጠራው በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው?

በሌላ በኩል ሰፈርን የማይነካ ቅዱስ ቦታ አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። እነርሱም ቢሆኑ ታሪኩን በቅጡ አላጤኑትም። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የሚነግረው ስለ ጉዞና ስለ ማረፍ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ በየመኳንንቱ ድንኳን ዙሪያ የሰፈረው ጭፍራና ባለእጅ ለብዙው ሰፈር ስም አውጥቶለታል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. ከተማዋ ሲደርስ ለገሃርን ወለደ፤ ስሙም ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ የተወረሰ ነው። ካዛንቺስ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት ስም በአዲስ አበቤ አንደበት ተሞርዶ የቀረ ነው። ድሬዳዋማ ከነጭራሹ የሐዲድ ልጅ ነች፤ ሐዲዱ ሐረርን በተራራዋ ላይ ትቶ በቆላው በኩል በማለፉ ተቆረቆረች። እንግዲህ ሐዲድና መንገድ ሰፈርን ያፈርሳሉ፤ ሰፈርንም ይወልዳሉ። መሠራታቸውን በጥቅሉ የሚቃወም ሰው ከገዛ ከተማው ታሪክ ጋር ይጣላል። የሚያከራክረው አሠራራቸው ነው።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው። ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ አገልግሎት ጀመረ። የሁለቱ መስመሮች ርዝመት ተደምሮ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ሲሆን አብዛኛው ከቻይና በብድር የተገኘ ነው። በተከፈተ ሰሞን የከተማው ሕዝብ በደስታ ተቀበለው፤ ታክሲ ሲጠብቅ ጀንበር ትጠልቅበት የነበረ ሠራተኛ በጥቂት ብር ከአያት ተነሥቶ ስታዲዮም መድረስ ቻለ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ የሚካድም አይደለም።

ነገር ግን ሐዲዱ በአብዛኛው ርዝመቱ በዋና መንገድ መካከል፣ በምድር ላይ፣ ግራና ቀኙ በአጥር ተከልሎ የሚሄድ ነው። ይህ አሠራር ከድልድይም ከዋሻም ይረክሳል። የረከሰው ግን ለማን ነው? ከሐዲዱ በፊት መንገዱን በአንድ ደቂቃ ይሻገር የነበረ ሰው፣ ከሐዲዱ በኋላ እስከ ጣቢያው ወይም እስከ ማቋረጫው ሄዶ፣ ተሻግሮ፣ በወዲያኛው ወገን ያንኑ ያህል መመለስ ግድ ሆነበት። መኪናም ለመዞር ሩቅ መንዳት አለበት። በንድፍ ወረቀቱ ላይ ይህ አንዲት ቀጭን መስመር ናት። ለነፍሰ ጡር፣ ለሽማግሌ፣ ውኃ በጀሪካን ለሚያመላልስ ልጅ፣ በመርካቶ ኩንታል ተሸክሞ ለሚሮጥ ወዛደር ግን የዕለት ኑሮ ነው። ከድልድይና ከዋሻ ሥራ የተቆጠበው ገንዘብ የትም አልጠፋም፤ በእግረኛው ጉልበትና ሰዓት በየቀኑ እየተከፈለ ነው። ይህን ሒሳብ የሚመዘግብ መዝገብ ግን የለም። አጥሩን ዘልሎ የሚሻገር እግረኛ ሲታይ «ሥርዓት የለሽ» ይባላል። ይባል፤ ስድቡም ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ያ እግረኛ በዕቅዱ ጊዜ ቢጠየቅ ኖሮ በአንደበቱ ይናገረው የነበረውን አሁን በእግሩ እየተናገረ መሆኑን ማስተዋል አስቸጋሪ አይደለም።

በሐዲዱ ዕቅድ ጊዜ ስብሰባ የሚባል ነገር ከቶ አልነበረም ማለት አይቻልም። ዳሩ ግን ሐዲዱ በምድር ይሂድ ወይስ ከፍ ይበል፣ አጥሩ የት ይጀምር፣ መሻገሪያው ከየትኛው ትምህርት ቤት ፊት ይዋል የሚሉት ዋና ዋና ጥያቄዎች ለሰፈር ሰው ቀርበው፣ የሰፈር ሰው መልስም ንድፉን ለውጦት እንደሆነ ምልክቱ መንገዱ ላይ መታየት ነበረበት። ሐዲዱን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ የሄደ ሰው ይህን ምልክት ቢፈልግ አያገኝም።

አንድ የሚያስገርም ነገር ደግሞ አለ። ጣቢያዎቹ ስም ሲወጣላቸው የተወሰዱት ሕዝቡ ራሱ ያወጣቸው ስሞች ናቸው፤ ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ፣ አብነት፣ ዳርማር፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ላንቻ። ይህን ማድረግ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ስም በኮሚቴ ተፈልስፎ ቢሰጣቸው ኖሮ ማንም አይጠራቸውም ነበር። ነገር ግን ከእነዚሁ ጣቢያዎች አንዱ «መሿለኪያ» ይባላል። ይህን ስም ቆም ብሎ ያዳመጠ ንድፍ አውጪ፣ የሰፈሩ ሰው በጠባብ ማለፊያ ሾልኮ ወዲያና ወዲህ ማለትን ምን ያህል የኑሮው ቁም ነገር አድርጎ እንደያዘው፣ ሰፈሩንም በዚሁ እስከ መጥራት እንደደረሰ ይረዳ ነበር። ስሙ በሰሌዳው ላይ ተጻፈ፤ በስሙ ውስጥ የነበረው ዕውቀት ግን ወደ ንድፉ አልገባም።

የሰፈር ሰው ዕውቀት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ረጅም ነው። ሐምሌ ሲገባ ጎርፉ በየትኛው ቅያስ እንደሚወርድ፣ የትኛውም ቱቦ በደለል እንደተደፈነ ያውቃል። አስከሬን በየት በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚወጣ፣ የጥምቀት ዕለት ታቦቱ በየት ወርዶ በየት እንደሚመለስ፣ ዓርብ ከመስጊድ የሚወጣው ምእመን የትኛውን ጎዳና እንደሚሞላ ያውቃል። ጉልት የምትቸረችረው እናት ለምን ከዚያች ጥግ ንቅንቅ እንደማትል ያውቃል፤ ከአውቶቡስ የሚወርደው ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲያቀና በዚያች ጥግ ማለፉ ግድ ስለሆነ ነው። ከመሸ በኋላ ሴት ልጅ ብቻዋን የማትሄድበት መንገድ የቱ እንደሆነም ያውቃል። ይህ ሁሉ በቀያሹ መሣሪያ መነጽር ውስጥ አይታይም። ከእድሩ ሹማምንትና ከጉልት ቸርቻሪዎች ጋር ሁለት ሦስት ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ መስማት ግን ይበቃዋል። ወለዱ በዚያ ሦስት ከሰዓት በኋላ ውስጥ ስንት እንደሚቆጥር የሚያሰላ ካለ ያስላው።

መጠየቅ ጊዜ ያባክናል ለሚሉ ደግሞ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ጉዳይ መልስ ይሆናቸዋል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት የተገደሉ ጳጳስ ናቸው። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴአትር መድረክ ላይ ከቆሙ ወዲህ ለኪነ ጥበብ ሰውም የቅርብ ዘመድ ሆነዋል። ሐውልታቸው የቆመበት አደባባይ የሰሜን ደቡቡ መስመር ከመሬት በታች በሚያልፍበት ስፍራ ላይ ስለዋለ፣ ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ተወሰደ። ኃላፊዎች «ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው ይመለሳል» አሉ። የተናገሩትም እውነት ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ።

ሆኖም ሐውልቱ በሙዚየም ውስጥ በቆየበት ዘመን ከተማው በሐሜት ታመሰ። አይመለስም ተባለ። ተረኛው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ነው ተባለ። በአገር ውስጥም በባሕር ማዶም ያለው ኢትዮጵያዊ ተቆጣ፤ ስድብና መሐላ ተለዋወጠ። የምኒልክ ሐውልት ግን ከቦታው ፈቀቅ አላለም። እንግዲህ እውነቱን የተናገረ ኃላፊ ስለ ምን አልታመነም? ብዙዎች መልሱን በሕዝቡ ወሬ ወዳድነት ላይ ያላክካሉ። ይህ ስንፍና ነው። ውሳኔው ካለቀ በኋላ፣ ማንሻው መኪና ሐውልቱ ሥር ከቆመ በኋላ የተነገረው ሰው፣ እውነተኛውን ተስፋ ከማታለያ ቃል የሚለይበት አንዳችም መሣሪያ አልተሰጠውም። ሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ አፍ ይመጡበታል። የዋሻው ንድፍ አስቀድሞ በአደባባዩ ቢሰቀል፤ ሐዲዱ ለምን ወደ ጎን ዘንበል ማለት እንዳልቻለ ለሠዓሊውና ለቀራፂው፣ ለካህኑና ለአርበኛው፣ ለፒያሳ ነጋዴ በዝርዝር ቢነገር፤ ሐውልቱን የሚያነሣው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ በየትኛው ወር እንደሚመለስ በጽሑፍ ፈርሞ የሚሰጥ ባለሥልጣን ቢኖር፣ ሐሜቱ የሚበቅልበት አፈር ባላገኘ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ሳምንት ነው። ለማስተባበያው የባከነው ግን ዓመታት ናቸው።

ሕጉ በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 92ም በቀጥታ የሚነካቸው የአካባቢ ሥራ ሲታቀድና ሲፈጸም ሕዝቡ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። እዚህ ላይ የቃሉ አመራረጥ ሊስተዋል ይገባል። መናገር ለሚችል ሰው የመናገር መብት መስጠት አንድ ነገር ነው። «የመጠየቅ» መብት ግን በሌላው ወገን ላይ ግዴታ ይጥላል፤ ነዋሪው ቢሮ ለቢሮ ተንከራትቶ አቤት እስኪል ሳይጠብቅ ጠያቂው ወደ እርሱ መሄድ አለበት ማለት ነው። ይህ ድንጋጌ የካድሬውንም፣ የመሐንዲሱንም የሥራ ልማድ ከሥሩ መለወጥ የነበረበት ነው።

በተግባር የሚታየው ሌላ ነው። ቀኑ ተቆርጦ በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ይጠራል። በበሩ ላይ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ይዞራል፤ ሁሉም ይፈርማል። ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይታደላል። አንድ ወጣት ባለሙያ ከመድረኩ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ንድፍ በግድግዳው ላይ እያበራ ያስረዳል፤ ንድፉን ማንበብ የሚችል ሰው በአዳራሹ ውስጥ ከእርሱ በቀር የለም። ከዚያ ጥያቄ ይሰበሰባል፤ አሥር ሰው ይጠይቃል፤ ለአሥሩም በአንድነት «ጠቃሚ አስተያየት ነው፤ በሂደት ይታያል» የሚል መልስ ይሰጣል። የስብሰባው መጠሪያ ራሱ «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ነው። ይህ መጠሪያ ነገሩን ሁሉ ያጋልጠዋል። ግንዛቤ የሚያስጨብጥ ሰው ሊማር አልመጣም፤ ሊያስተምር ነው የመጣው። በበሩ ላይ የተፈረመውም ወረቀት ከሪፖርቱ ጋር ተያይዞ ሲቀርብ የመገኘት ማስረጃነቱ ቀርቶ የመስማማት ማስረጃ ይሆናል። ከዚህ ዓይነቱ ስብሰባ ስብሰባ አለመጥራት ሳይሻል አይቀርም፤ ቢያንስ ነዋሪው ፊርማው ይተርፍለታል።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ገደማ በፒያሳ የተጀመረው፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ ካዛንቺስ የተሻገረው የኮሪደር ልማት በዚሁ ዓይን ሊመዘን የሚገባው ነው። መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛ መሄጃው ለምልሟል፤ መብራቱ በርቶ ምሽት ላይ ቤተሰብ ከነልጆቹ ሲንሸራሸር ይታያል። የፒያሳ ጠባብ ጓሮዎች ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ መጸዳጃቸው ለአሥር አባወራ አንድ የነበረ መሆኑን የረሳ ሰው ካለ በዚያ ኖሮ አያውቅም። ይህን ሁሉ ማመን ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው ይቀጥላል፤ ብዙው ነዋሪ ዕቃውን የሰበሰበው በቀናት በሚቆጠር ማስጠንቀቂያ ነው። ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙዎች ወደ ገላን ጉራ ሄዱ፤ ሌሎችም በየአቅጣጫው ተበተኑ። ቤት ተሰጣቸው። ቤት ግን ምን ማለት ነው?

እድርን የማያውቅ የዚህ መጽሔት አንባቢ የለም፤ ነገር ግን እድር በምን ላይ እንደቆመ ቆም ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። እድር የቆመው በእግር መንገድ ርቀት ላይ ነው። ጡሩምባ ነፊው ጎህ ሲቀድ የሟቹን ስም ሲለፍፍ ድምፁ የሚደርስበት ክልል የእድሩ ወሰን ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ብርጭቆው ከአንድ መጋዘን ወጥቶ በሰው ትከሻ የሚደርስበት ክልል ነው። ሽማግሌዎቹ ባልና ሚስት የሚያስታርቁት ጠቡን በግድግዳ በኩል ስለሰሙ ነው። ለዓመታት በየወሩ የተዋጣው ገንዘብ በባንክ ሊቀመጥ ይችላል። ጡሩምባው የሚሰማበትን ርቀት ግን የሚያስቀምጥ ባንክ የለም። አንድ መቶ አባላት ያሉት እድር በአምስት የጋራ መኖሪያ መንደር ሲከፋፈል፣ ገንዘቡ በሒሳብ ሊካፈል ይቻላል፤ ድንኳኑ ግን ለማን ይደርሳል? በቀብር ዕለት ከከተማው ጫፍ በሁለት አውቶቡስ የሚመጣው ቀባሪ ስንት ጊዜ ይመጣል? መጀመሪያ ይመጣል፤ ሁለተኛም ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ መዋጮውን ብቻ መላክ ይጀምራል።

ነገሩ ለሕግ አውጪውም ያልተሰወረ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቂያና የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሣ እንደሚገባ በስም ጠቅሶ አስቀምጧል። ይህ በኢትዮጵያ የካሣ ሕግ ታሪክ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ሕጉ ከጭቃና ከቆርቆሮ ሌላ ነገር በሰፈር ውስጥ እንዳለ አምኗል ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ያመነውን ነገር ወዲያው በብር መነዘረው። የተቋረጠ ትስስር ዋጋ ከሚሰላ ይልቅ እንዳይቋረጥ ማቀድ በተገባ ነበር፤ አንድ እድር በአንድ ላይ እንዲሰፍር፣ አንድ የጉልት መስመር በአዲሱ ሰፈር መግቢያ ላይ በነበረው ቅደም ተከተል እንዲዘረጋ ማድረግ የገንዘብ ጉዳይ ሳይሆን የቤት አደላደል ጉዳይ ነው። ለዚህም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የእድሩ መዝገብ ያለው በጸሐፊው እጅ እንጂ በማዘጋጃ ቤቱ አይደለምና።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ አያውቀውም የሚል ካለ የቦስተንን ከተማ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሮክስበሪና ጃማይካ ፕሌን በሚባሉት ሰፈሮች መካከል ሰፊ የመኪና አውራ ጎዳና ሊሠራ ታቅዶ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪዎች ጥቁሩም ነጩም አብረው ተነሡ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉ ወጣት የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ንድፉን እያነበቡ አስረዷቸው። የክፍለ ግዛቱ ገዥ ፍራንሲስ ሳርጀንት እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራውን አስቆመ፤ ከጥናት በኋላም ዕቅዱ ተሠረዘ። በፈረሰው መሬት ላይ ከመንገዱ ይልቅ ባቡር በቆላ ተቀብሮ እ.ኤ.አ. በ1987 ተከፈተ፤ ረጅም መናፈሻም ተዘረጋ። በየጣቢያው ንድፍ ላይ የየሰፈሩ ሰው ለዓመታት ተከራክሯል፤ በጣቢያዎቹም የኪነ ጥበብ ሥራዎች ቆሙ፣ ግጥሞች በድንጋይ ላይ ተቀረጹ። ይህ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ልብ የሚነካ ነው። ነገር ግን ያው ሥራ ሲጠናቀቅ በሮክስበሪ በዋሽንግተን ጎዳና ላይ ከፍ ብሎ ይሄድ የነበረው አሮጌ ባቡር ተነቀለ፤ በእርሱ ይገለገል የነበረው ድሃ ነዋሪ በምትኩ የጠበቀውን ባቡር ሳያገኝ ቀርቶ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ አውቶቡስ ተሰጠው። መጠየቅም ቢሆን ድምፁ ጎላ ያለው ሰፈር ይበልጥ የሚደመጥበት ነገር ነው። ይህ የመጠየቅ ሥራ ድምፁ ከሚሰማው ሰው አልፎ ዝም ያለውን እስኪደርስ መቀጠል እንዳለበት ያሳያል እንጂ ሥራውን የሚያስተው አይደለም።

አሁን ወቀሳው ወደ ኪነ ጥበብ ሰው ይዞራል። ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ብዙ ሥዕል ተሣለ፣ ብዙ እንጉርጉሮ ተጻፈ። ሙሾው ያማረ ነበር፤ ሙሾ ግን ከሞት በኋላ የሚመጣ ነው። በሽተኛው በአልጋ ሳለ ሐኪም ቤት ያልወሰደው ዘመድ በቀብሩ ላይ ደረት ሲመታ አገሩ ምን እንደሚለው የታወቀ ነው። ሠዓሊ ከማንም በላይ የሚችለው ሥራ አለ፤ በንድፍ ወረቀት ላይ ያለውን መስመር ማንኛዋም እናት በምታውቀው መልክ መሣል ይችላል። «ይህ ሐዲድ ከበርሽ ይህን ያህል እርምጃ ይርቃል፤ አጥሩ ይህን ያህል ከፍ ይላል፤ ልጅሽ ትምህርት ቤት የሚሄደው በዚህ ዞሮ ነው» ብሎ በአንድ ሸራ ላይ ማሳየት ይችላል። ቀራፂ በእድሩ አዳራሽ ውስጥ የሰፈሩን ሞዴል በጭቃና በካርቶን ሠርቶ ነዋሪው በእጁ እየነካ መሻገሪያውን ወዲያና ወዲህ እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ይችላል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ የሀገር ፍቅር ቴአትር ባለበት ከተማ፣ የሚፈርስን ሰፈር ጭቅጭቅ ከመፍረሱ በፊት ወደ መድረክ የሚያወጣ ቡድን አለመታየቱ የአቅም ጉዳይ ነው ለማለት አይቻልም።

ካድሬውም ከዚህ አያመልጥም። ከሕዝብ ጋር የሚያገናኘው ሥራ ውሳኔን ማውረድ ብቻ ከሆነ ለዚያ ድምፅ ማጉያ ይበቃል። ከታች የሰማውን ወደ ላይ ይዞ ለመውጣትና «ይህ መስመር እዚህ ጋ ስህተት ነው፤ ሰፈሩ እንዲህ ይላል» ለማለት ድፍረት ከሌለው፣ አለመኖሩን የሚያውቀው ሰው አይኖርም።

ሰፈር ብቻውን የከተማን ሥራ የማስቀረት ሥልጣን ይኑረው ማለት ስህተት ነው፤ ከአያት ተነሥቶ ባቡር የሚጠብቀው ሠራተኛም ሰፈር አለውና። ሆኖም ሰፈሩ ላነሣው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከነምክንያቱ በጽሑፍ መልስ ሳያገኝ ቁፋሮ እንዳይጀመር ማድረግ መቻል አለበት። «አይሆንም» የሚል መልስም መልስ ነው፤ ለምን አይሆንም የሚለው ከታከለበት። ውይይቱ ከተቋራጩ ጋር ውል ከመፈረሙ በፊት ይሁን፤ ከፊርማ በኋላ የሚደረግ ውይይት ተቋራጩን ለካሣ፣ ነዋሪውን ለንዴት ያዘጋጃል። ቁፋሮው የሚጀመርበት ወር፣ ጊዜያዊ መሻገሪያው፣ ሱቆች ለስንት ወር ገበያ እንደሚያጡና ኪሳራውን ማን እንደሚችል፣ ጉልቱ የት እንደሚዛወር በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍሮ በእድሩ በር ላይ ይለጠፍ። በመዝገብ ላይ ስማቸው ያልሰፈረ የጉልት ቸርቻሪዎችና ደባሎች ከዚህ እንዳይቀሩ የእድሩና የዕቁቡ ዝርዝር እንደ ሕጋዊ ሰነድ ይቆጠር።

ለዚህ ሁሉ የሚጎድለው ባለሙያ ነው የሚል ሰበብ ይቀርብ ይሆናል። በየሰፈሩ ግን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ በየትምህርት ቤቱም መምህር አለ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤታቸው በየት በኩል እንደሚመጡ፣ የት ላይ መኪና እንደሚያስፈራቸው፣ የት ላይ ውኃ እንደሚቋጥር በአንድ ወረቀት ላይ ሥለው ቢያስረክቡ፣ መምህሩም ወረቀቶቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ ወደ አንድ ካርታ ቢገለብጣቸው፣ የአንድ ሳምንት ትምህርት ይፈጃል። ያ ካርታ በንድፍ አውጪው ጠረጴዛ ላይ መገኘት ያለበት ውሉ ከመፈረሙ ከስድስት ወር በፊት ነው።